ሳር ማጨጃችሁን ወደዳችሁት? መልሱ መቼና ማን እንደተጠየቀ ይወሰናል

ሐዋሳ ሳር አይቸግራትም። በልግ ከገባ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሰርዶው ዛሬ ተቆርጦ በሳምንቱ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ቦታ ቤተሰቤ የሚያስተዳድራት ትንሽ ፔንሲዮን አለችን። ግቢዋ ውስጥ 500 ካሬ ሜትር የሚጠጋ መስክ አለ። ለዓመታት በማጭድና በገጀራ ስናስቆርጥ ኖረን፣ ከ6 ዓመት በፊት በእጅ የሚገፋ የቤንዚን ሳር ማጨጃ ማሽን ገዛን።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ ደወለ። እሱም ግቢውን አሳምሯል። "እንዳንተ ዓይነት ማሽን ልግዛ ነው። ግን እውነቱን ንገረኝ፣ ረክተህበታል?" አለኝ። "በጣም እንጂ!" ልል አፌን ስከፍት አትክልተኛችን በመስኮት ታየኝ። የማሽኑን ገመድ ይጎትታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቆም ብሎ ወገቡን ያዘ። በሰባተኛው ተነሳች።

"ቆይ መልሼ ልደውልልህ" አልኩት።

ነገሩ ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን አንድ ዕቃ ከዓመታት በኋላ አርክቷል ወይስ አላረካም የሚለው እንዲህ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ሳር ማጨጃ ደግሞ ይህን ለማሳየት የተፈጠረ ይመስል ሁሉም ነገር አለበት። ሞተር አለው፣ ስለት አለው፣ አቧራ ይበላል፣ የሚገዛው ሌላ ነው፣ የሚገፋውም ሌላ።

በአሜሪካ ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመ ድርጅት አለ። የቤት ዕቃና መኪና ይፈትሻል፣ አባላቱንም ስለገዙት ዕቃ ይጠይቃል። ሳር ማጨጃም ከሚጠይቅባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ደስ የሚለኝ ነገሩ ሁለት የተለያየ ነጥብ መስጠቱ ነው። አንደኛው ማሽኑ ሳይበላሽ የመቆየቱ ነገር ነው። ሌላው የባለቤቱ እርካታ ነው። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ይመስላል፤ ግን ሁልጊዜ አይሄዱም። ቮልስ ያለው ሰው ታውቃላችሁ አይደል? መኪናዋ በየወሩ መንገድ ላይ ትቆማለች። እሱ ግን ክፉ አያስነግርባትም። በተቃራኒው ደግሞ ተበላሽቶ የማያውቅ፣ ግን ከባድ፣ ጯሂና ለመግፋት ወገብ የሚሰብር ማሽን አለ። ባለቤቱ አንድም ቀን ጋራዥ ሳይወስደው ይጠላዋል።

ስለዚህ "አይበላሽም" እና "ወድጄዋለሁ" አንድ አይደሉም። ልብ በሉ።

ቀጥሎ ጊዜው አለ። ብዙ ሰው አስተያየቱን የሚሰጠው በገዛ በሳምንቱ ነው። ያኔ ቀለሙ ያበራል፣ ስለቱ ምላጭ ነው፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ንጹህ ነው። ገንዘቡም ገና መውጣቱ ነው። ይሄኛው ትልቅ ነገር ነው። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳስረዳው፣ ሰው ሁለት የሚጋጩ ሐሳቦችን ይዞ መቀመጥ ያስጨንቀዋል። "ብልህ ሰው ነኝ" እና "በዚህ ሁሉ ብር የማይረባ ዕቃ ገዛሁ" አብረው አይኖሩም። አንዱ መልቀቅ አለበት። የሚለቀው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ያኔ ማሽኑ "በጣም አሪፍ" ይሆናል።

ከ6 ዓመት በኋላ ብትጠይቁስ? እዚያም ወጥመድ አለ። የምታገኙት ማሽኑ እስካሁን የሚሠራለትን ሰው ነው። የነደደበት፣ የተሰነጠቀበት፣ ተስፋ ቆርጦ ለቆራሌው የሰጠው ሰው "ሳር ማጨጃ አለህ?" ሲባል "የለኝም" ይላል። አይጠየቅም፣ አይቆጠርም። የተረፉትን ብቻ ጠይቆ "እነዚህ ማሽኖች ብረት ናቸው" ማለት ይቀላል።

እኔ ራሴ ላይ ያየሁት ሌላም አለ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ማሽን ዋጋም አብሮ ተተኮሰ። በዚያ ሰሞን ማሽናችንን በጣም ወደድኳት! አንድም የተለወጠ ነገር የለባትም። "ያኔ ባልገዛ ኖሮ" የሚለው ሐሳብ ብቻ ነው ያሞቀኝ።

ወደ ማሽኑ እንግባ።

የማሽን ብልሽት በዘመኑ ሁሉ እኩል አይመጣም። መሐንዲሶች በወረቀት ላይ ሲስሉት ከጎኑ የታየ የመታጠቢያ ገንዳ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ከፍ ይላል፤ በፋብሪካ የተሳሳተ፣ በአገጣጠም የላላ፣ ባለቤቱ ባለማወቅ ያጠፋው በዚያ ይወድቃል። ከዚያ ወርዶ ለረጅም ጊዜ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። በመጨረሻ ማለቂያው ሲደርስ እንደገና ይወጣል። መሐል ላይ ያለን ሰው ከጠየቃችሁ ሁሌም ደስተኛ ነው።

የመጀመሪያው ከፍታ ላይ ጎረቤታችን ወደቀ። ብዙዎቹ አዲስ ማሽኖች ከካርቶን ሲወጡ ሞተራቸው ውስጥ ዘይት የለም። ለጉዞ ሲባል ባዶ ነው የሚላኩት። እሱ ቤንዚን ሞላ፣ ገመዱን ሳበ፣ ተነሳች፣ በደስታ ግማሽ ግቢውን አጨደ። ከዚያ አንድ ጩኸት ሰማ፣ ቀጥ አለች። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ማሽኗ አንድ ቀን እንኳ አልሞላችም። ይህ ሰው ዛሬም "ያ ማርክ አይረባም" ይላል። እኔ ግን ዘይቱን ባላነሳበት እመርጣለሁ፤ ጎረቤት ነው።

ዘይት ካነሳን አይቀር፣ አዲስ ሞተር ላይ የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ መቀየር አለበት። የአንዳንድ አምራቾች መመሪያ ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት በኋላ ይላል። ብረት ከብረት ጋር ሲላመድ የሚረግፈው ብናኝ እዚያ ዘይት ውስጥ ነው ያለው። ትንሹ የሳር ማጨጃ ሞተር እንደ መኪና የዘይት ፊልትሮ የለውም። ብናኙ ይዞራል። ከዚያ በኋላ በየ50 ሰዓቱ ይበቃል። የሚይዘው ከግማሽ ሊትር ብዙም አይዘልም፤ ስለዚህ ወጪው ሰበብ አይሆንም።

እንግዲህ "ሰዓት" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የማሽን ዕድሜ የሚቆጠረው በሥራ ሰዓት ነው። የእኛን መስክ አንድ ጊዜ ለማጨድ፣ መዞሪያውና ሳር መድፊያው ሁሉ ተደምሮ፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት በሳምንት አንዴ ስንቆርጥ 35 ጊዜ ገደማ ነው። በበጋው ውሃ ስለምናጠጣ በ15 ቀን አንዴ፣ ሌላ 8 ጊዜ። በዓመት 43 ሰዓት በሉት። አሜሪካ ውስጥ በሰሜኑ ግዛት ያለ ሰው ግን በረዶ ስላለበት ለወራት ማሽኑን ጋራዡ ውስጥ ያስቀምጣል። የእሱ 5 ዓመት የእኛ 5 ዓመት አይደለም።

ሞተሩ ላይ የምትለጠፍ አንድ ትንሽ ወረቀት አለች። ወደ አሜሪካ ገበያ ለሚሄዱ ሞተሮች የዚያ አገር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ደንብ አለው። የዚህ መጠን ሞተር የጭሱን ደረጃ ጠብቆ የሚሠራበት ዘመን 125፣ 250 ወይም 500 ሰዓት ተብሎ ይመደባል፤ ወረቀቷ የምትናገረው ይህንኑ ነው። ይህ የሞተሩ ዕድሜ ማለት አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚሠራ ሞልቷል። ግን አምራቹ ሞተሩን ለምን ዓይነት ሰው እንዳሰበው ይናገራል። 125 በእኛ ግቢ አሠራር 3 ዓመት ገደማ ነው። 500 ደግሞ ከ11 ዓመት በላይ። አንድ ማሽን ይዞ በየቪላውና በየሪዞርቱ እየዞረ የሚያጭድ ልጅ ግን በቀን 5 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ቢሠራ የእኛን የዓመት ሥራ በአንድ ሳምንት ተኩል ይጨርሰዋል። እሱ "በ4 ወር አለቀችብኝ" ቢል ማሽኗን ስም ማጥፋት አይደለም፤ እኔ "6 ዓመት ሠራችልኝ" ብል ማሞገስ አይደለም። ምናልባት ሰዓቱ ቢቆጠር እሱ በልጦኛል።

ከፍታችንም አለበት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ይላል። ሆንዳ ለትንንሽ ሞተሮቹ በሚያወጣው መመሪያ ውስጥ፣ በየ300 ሜትር ከፍታ የሞተሩ ጉልበት 3.5 ከመቶ ያህል ይቀንሳል ይላል። አስሉት፤ እኛ ጋ ሲደርስ ወደ 20 ከመቶ ሄዷል ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት ከሐይቃችን ዳር አይገኝም። በዚያ ላይ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ያው ስለሆነ ድብልቁ ይወፍራል። ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል፣ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ያው መመሪያ ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚሠራ ሞተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ እንዲስተካከል ይመክራል፤ ማለትም ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ ጠበብ ባለች ትቀየራለች። እዚህ ከተማ ይህን ያስደረገ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኛም አላስደረግንም።

አቧራ ግን ከሁሉም ይብሳል። በእኔ ግምት ሐዋሳ ውስጥ ማሽን የሚገድለው ዋናው ነገር እሱ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው በጥንት እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ የዚያ ርዝራዥ ነው። በበጋ ከመሬት የሚነሳው ዱቄት በጣት ሲታሽ ይሻክራል፤ ያ ማለት ብረት ይሞርዳል። የሳር ማጨጃ ስለት ደግሞ ሲሽከረከር አቧራውን ከመሬት እየጠራ ያስነሳዋል። የአየር ፊልትሮው ከተቀደደ ወይም ቦታውን ይዞ ካልተቀመጠ ዱቄቱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ፒስተኑን የሚከብበው ፋሻ ያልቃል። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ፣ ዘይት መብላት፣ ጉልበት ማጣት ይከተላል። ይህ ሁሉ በቀስታ ስለሚመጣ ባለቤቱ "አረጀች" ይላል። ስፖንጅ የሆነው ፊልትሮ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ጠብታ ዘይት ይቀባል። የወረቀቱ አይታጠብም፤ ቀስ ብሎ መታ መታ ይደረጋል፣ ሲብስ ይቀየራል። በኮምፕሬሰር የሚነፉትን አይቻለሁ። ወረቀቱ ሲበሳ በዓይን አይታይም፤ ሞተሩ ግን ያየዋል።

ስለ ቤንዚን። ፈረንጆቹ ጋ ትልቁ ችግር ክረምቱን ሙሉ ማሽኑ ውስጥ የሚያድረው ቤንዚን ነው። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቆም መበላሸት ይጀምራል፣ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ይተዋል፣ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። እኛ ይሄ ብዙም አያሳስበንም፤ ማሽኗ ዓመቱን ሙሉ አታርፍም። የኛ በሽታ ሌላ ነው። ማደያ ሰልፍ ሲሆን፣ በጄሪካን አንቀዳም ሲሉ፣ ሰው መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ይገዛል። እኛም ገዝተናል። ታዲያ ማሽኗ ተነስታ ሁለት ደቂቃ ሠርታ ትጠፋለች፣ ትነሳለች፣ ትጠፋለች። አንድ መካኒክ "ካርቡራተሩ ሞቷል፣ ይቀየር" አለን። ቀየርነው። ያው ሆነች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! በኋላ ከዚያው ቤንዚን የተረፈውን በሚያሳይ ጠርሙስ አድርገን አሳደርነው። ጠዋት ስናየው ከሥሩ ጣት የምታህል ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ነገር ተኝቷል፤ ከላይ ያለው ቢጫ ነው፣ ከሥር ያለው ቀለም የለውም። ውሃ ነበር። ቤንዚን ከውሃ ይቀላል፣ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ ወዲህ የመንገዱን ከገዛን ሳናሳድር አንጨምርም፤ ስንቀዳም የታችኛውን እንተዋለን።

ስለቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማሽኑ ላይ ከሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፤ እርካታውን ይዞት የሚሄደውም እሱ ነው።

ሳር ከተቆረጠ በማግስቱ ተንበርክካችሁ አንዲት ቅጠል ንቀሉ። ጫፏን ተመልከቱ። ስለቱ የተሳለ ከሆነ ጫፏ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፣ ቀጥ ያለ፣ አረንጓዴ። የደነዘ ከሆነ እንደተበጠሰ ክር ትንጨፈረራለች፣ ነጣ ብላ ትደርቃለች። መስኩን ከሩቅ ስታዩት ግራጫ የጣለበት ይመስላል። ያኔ ሰው "ማዳበሪያ ይጨመር" ይላል። የሚሽከረከር ስለት እንደ መቀስ አይቆርጥም፤ በፍጥነት መትቶ ነው የሚጥለው። 46 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ስለት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት የደነዘ ብረትም ሳር ይጥላል፤ ግን ሞተሩ እጥፍ ይደክማል፣ የሚገፋውም ሰው።

በየ25 ሰዓቱ መሳል ጥሩ ልማድ ነው። መጀመሪያ የካንዴላው ክዳን ይነቀላል። ይህ ቀልድ የለውም፤ ስለቱን በእጅ ስታዞሩ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ከዚያ በሞረድ፣ በቀስታ፣ ከሁለቱም ጫፍ እኩል። ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትታችሁ በመሐል ቀዳዳው ስቀሉት። አግድም ሆኖ ከቆመ ልክ ነው። አንዱ ጫፍ ከወረደ ያ ወገን ይከብዳልና ከእሱ ይሞረዳል። ያልተመዛዘነ ስለት ማሽኑን ያንቀጠቅጣል። ያ ንቅጥቅጥ የሞተሩን ዘንግ ይጎዳል፣ ቡሎን ያላላል፣ ወደ እጅም ይሄዳል።

ማሽኑን ሲያጋድሉ ደግሞ ጎን አለው። ፊልትሮውና ካርቡራተሩ ያለበት ጎን ወደ ላይ መሆን አለበት። እኛ በመጀመሪያው ዓመት በተቃራኒው አጋደምናት። ስትነሳ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ እንግዶች ከክፍላቸው ወጡ። ሞተሩ የተቃጠለ መስሎን ነበር። ዘይቱ ፊልትሮው ውስጥ ፈስሶ ነው፤ ፊልትሮው ሲቀየርና የገባው ዘይት ተቃጥሎ ሲያልቅ ጠፋ።

በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ፌሮ መታች። አጥር ሲሠራ ተቆርጦ መሬት ውስጥ የቀረ፣ ሳር የሸፈነው። ጓ! ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ ገመዱ ሲሳብ ወደኋላ እጅ ትነጥቃለች እንጂ አትነሳም። እንዲህ ሲሆን የሚጠረጠረው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከላይ ያለውን ከባድ መሽከርከሪያ ከሞተሩ ዘንግ ጋር በትክክለኛው ቦታ የምትይዝ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ብረት አለች። ስለቱ ጠንካራ ነገር ሲመታ ያቺ ትቆረጣለች። መሽከርከሪያው ትንሽ ዞር ይላል። እሳቱ በልክ በሰዓቱ መምጣቱ ቀርቶ ወይ ይቀድማል ወይ ይዘገያል። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ቤንዚን አለ፣ እሳት አለ፣ ግን አይነሳም። ይህን የማያውቅ ሰው ሞተሩን ሙሉ ይፈታል። የእኛው መካኒክ ደግነቱ ያውቃል፤ "ምን መታችሁ?" ብሎ ነው የጀመረው። በርካሽ ተገላገልን። ከዚያ ቀን ወዲህ አትክልተኛው ከማጨዱ በፊት መስኩን በእግሩ ይዞረዋል።

ማርክን በተመለከተ ብዙ አልልም። አካሉ ላይ የተጻፈው ስምና የሞተሩ ስም ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተሩን ለስንትና ስንት ማርክ ሲሸጥ ኖሯል፤ በ2020 ከስሮ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በሌላ ባለቤት ተገዝቷል። ሆንዳ ደግሞ በ2022 የቤንዚን ሳር ማጨጃ ማምረቱን በቀጣዩ ዓመት እንደሚያቆም አስታወቀ። ትልቅ ስም ለዘላለም መለዋወጫ አለ ማለት አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ከተማው ውስጥ ዞራችሁ አራት ነገር ጠይቁ፤ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ስለት፣ የገመዱ ሞላ። ለመስኖ ፓምፕ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ጥሩ መነሻ ናቸው። የሆንዳን ቅርጽ ተከትለው ቻይና የሚሠሩ ትንንሽ ሞተሮች አገሩን ስለሞሉት አንዳንዱ ዕቃ ይገጥማል። ስለት ካጣችሁ ግን ብየዳ ቤት ከላሜራ አታስቆርጡ። በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር የሚበር ብረት ነው፤ ቢሰበር የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

በባትሪ የሚሠሩት ማጨጃዎች ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ዘይት የለ፣ ካርቡራተር የለ። ለትንሽ ግቢ እኔ ዛሬ ብገዛ አስብባቸው ነበር። ቅሬታቸው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ባትሪው በየጊዜው አቅሙ ይቀንሳል፣ ሙቀት ያፋጥንበታል፣ ሲያልቅም የዋጋው ትልቁ ድርሻ እሱ ነው። ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ የሚከርም ባትሪ ዕድሜው ያጥራል።

አሁን ወደ ሰውየው። እስካሁን "ባለቤት" እያልኩ ነው የመጣሁት። ፈረንጅ አገር ብዙ ጊዜ የሚገዛውና የሚገፋው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ባለቤቱን መጠየቅ ያስኬዳል። እኛ ጋ ግን የሚገዛው ጋሼ ነው፣ የሚገፋው አትክልተኛው ነው። እኔ ረክቻለሁ የምለው ከበረንዳ ላይ ሆኜ፣ ቡና እየጠጣሁ ነው። መስኩ ተቆርጧል፣ እንግዳ አያማርርም፣ በቃኝ።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ጠየቅሁት። የእሱ ነገር ከእኔው አንዱንም አይነካም። እጀታው ለቁመቱ ያጥራል፣ ጎንበስ ብሎ ይገፋል። ከጨረሰ በኋላ ጣቶቹ ለግማሽ ሰዓት ይነዝሩታል። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ንዝረት ሕግ አለ፤ ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን ተሰልቶ ወደ እጅ የሚሄደው ንዝረት 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ካለፈ አሠሪው እርምጃ መውሰድ አለበት፣ 5 ካለፈ ክልክል ነው። ጩኸቱም አለ። የቤንዚን ማሽን ከሚገፋው ሰው ጆሮ ዘንድ 90 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው ጥንቃቄ የሚጀምረው ከ85 ነው። የጆሮ መሸፈኛ የገዛሁለት በ6ኛው ዓመት ነው። አፍሬ ነው የምጽፈው።

ሌላም ተናገረ። እጀታው ላይ ያለችውን ማቆሚያ በላስቲክ አስሯታል። ይህች ማቆሚያ ስትለቀቅ ስለቱ እንዲቆም የተሠራች ናት፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ስለቱ በ3 ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። እሱ ያሰራት እጁ ስለሚደክም ነው። ማሽኑን ለቆ ድንጋይ ሊያነሳ ሲሄድ ስለቱ ይዞራል ማለት ነው። ላስቲኳን በዚያው ዕለት ቆርጠን ጣልናት። ማቆሚያዋን የምታከብዳት ሞላ በዝገት ተይዛ ነበር፤ ግራሶ ስትቀባ ቀለለች። ለ3 ዓመት የታሰረው ጉዳይ 5 ደቂቃ አልፈጀም።

ያልረካ ሦስተኛ ወገንም አለ። ማጭድ በነበረበት ዘመን የጎረቤታችን ሴትዮ ሳሩን ለላማቸው ይወስዱ ነበር፤ ረጅም፣ ንጹህ፣ በእቅፍ የሚያዝ። ማሽኑ የሚተፋው ግን ተከትክቶ ከአቧራ ጋር የተቀላቀለ ነው። ቤንዚንም ይሸታል፣ ከተከመረ በዚያው ቀን ይሞቃል፣ ይቦካል። ላሚቱ አሽትታው ዞረች። "ምን ዓይነት ማሽን ነው ደግሞ ሳር የሚያበላሽ" አሉ ሴትዮዋ። የማንም መጠይቅ ይህን አይዝም። አሁን ከአጥሩ ሥር አንድ መስመር ሳይታጨድ እንተውላቸዋለን፤ በማጭድ ነው የሚቆረጠው።

(በነገራችን ላይ ማሽኑን እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠረው ኤድዊን በዲንግ እንግሊዛዊ መካኒክ እንጂ አትክልተኛ አልነበረም። ሐሳቡን ያገኘው ስትራውድ አካባቢ ባሉ የጨርቅ ፋብሪካዎች፣ የጨርቅ ጸጉር ከሚከረክም ማሽን ነው። ጎረቤት አበደ እንዳይለው በሌሊት ነበር የሚሞክረው ይባላል። የልብስ ፋብሪካ በሞላባት ሐዋሳ ይህ ታሪክ ደስ ይለኛል።)

ጓደኛዬ በደወለ በማግስቱ ከአትክልተኛው ጋር ካንዴላውን ፈታነው። ጫፉ ከሰል ሆኗል። በሽቦ ብሩሽ ጠረግነው፣ ክፍተቱን አስተካከልን፣ ፊልትሮውን አጠብን፣ ፀሐይ ላይ አደረቅን። ከሰዓት ገጠምነው። በሁለተኛው ጉተታ ተነሳች። ሩብ ሰዓት ሠርታ አጠፋናት፣ እንደገና ሳባት፣ በመጀመሪያው ተነሳች።

"አሁንስ ረካህ?" አልኩት።

ማሽኗን አየት አደረጋት። "አሁን ሞቃ ነው ጋሼ" አለኝ። "ነገ ጠዋት ስትቀዘቅዝ ይጠይቁኝ።"

ለጓደኛዬም ገና አልደወልኩም።